የጎራዴው ዕድሜ በጣት

«ሁለት መቶ ዓመት አያንሰውም፤ ጻፊ!» አሉ የፌንጣ አያት፣ ጎራዴውን ጭናቸው ላይ አጋድመው።

የሙዚየሙ ጸሐፊ እስክሪብቶዋን አነሳች። ፌንጣ ግን ከዚህ ቁጥር ጋር የማይሄድ ነገር አይታለች። ፌንጣ ያሏት አያቷ ናቸው፤ አንድ ቦታ ረግታ ስለማትቀመጥ።

አያቷ የድሮ ጎራዴ ዕድሜ በመገመት ስማቸው የታወቀ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚሠሩት በጣታቸው ነው። እጀታው የት ጋ እንደተበላ፣ ዝገቱ ጠጣር ይሁን ዱቄት፣ ስለቱ ስንቴ እንደተሳለ ይዳብሳሉ። ባለፈው ወር ግን የአንዱን ዕድሜ ተሳሳቱ። ሙዚየሙም «ከተደገመ ሌላ ባለሙያ እንፈልጋለን» ብሏል።

ፌንጣ ያየችው ስለቱ ላይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ ነው። የመስኮቱ ብርሃን ሰያፍ ሲያርፍበት አንዲት ክብ ምልክት ትታያለች፤ ተደፍና የተሞረደች ቀዳዳ። እንዲህ ያለችውን አባቷ ጋራዥ ውስጥ እያየች ነው ያደገችው። መኪና ተሸክሞ የሚውለው የባሌስትራ ብረት መሃሉ ላይ ለብሎን ይበሳል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ደግሞ የምን መኪና!

ብትናገር ሰው ፊት ልታዋርዳቸው ነው። ዝም ብትል ነገ ሌላ ሰው ያየዋል፤ ያኔ እዚህ ክፍል ዳግም አይጠሯቸውም።

«አባባ፣» አለች ተጠግታ፣ «እዚች ጋ ቀዝቀዝ አይልም?» ሌባ ጣታቸውን ያዝ አድርጋ ክቧ ላይ አሳረፈችው።

ጣቱ ዞረ። ቆመ። እንደገና ዞረ። የአያቷ ጆሮ ሲቀላ አየች።

«ቆይ ልጄ፣ ሰርዢው» አሉ ጸሐፊዋን። «እጀታው ሁለት መቶ ዓመት ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ስለቱ ግን ባሌስትራ ነው፤ ከስልሳ አይበልጥም። ሽማግሌ ላይ ጎረምሳ ገጥመው ሊሸውዱኝ!»

ጸሐፊዋ እየሳቀች አስተካከለችና ቀጣዩን ጎራዴ ልታመጣ ወጣች።

«ቀዝቀዝ ይላል፣ ኧ?» አሉ አያቷ ዝግ ብለው።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«እያየሽ ዝም እንዳትይኝ።»

«ሰው ፊትም?»

«ሰው ፊት... ጣቴን ያዢኝ።»

ፌንጣ በርጩማዋን ከመስኮቱ ሥር አንስታ ቀኝ እጃቸው ጋ አስጠግታ ተቀመጠች።