የተከረከመችው ካርድ

ካርድ ገዢውን ኤሜትን መጀመሪያ ያየሁት በስክራንተን ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ፣ በእሁዱ የካርድ ገበያ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ራስል አባታችን የተወልንን፣ ድሮ ከማስቲካ ጋር ታሽገው ይሸጡ የነበሩ ባለሥዕል ካርዶች ዘርግተን ተቀምጠናል። የጦርነት ሥዕሎች ናቸው፤ ሳንጃ፣ ደም፣ በእሳት የሚነድ ሰው። ልጅ ሁሉ ማስቲካውን እያኘከ ይህን ያይ ነበር እንግዲህ!

ኤሜት አንዷን አንስቶ አሸተታት። ቀና ሲል እኔን አየኝ፤ ዓይኑንም ከእኔ ላይ መንቀል አቃተው። ፊቴ ጋለ።

«ከሃምሳ ዓመት በኋላም ማስቲካ ማስቲካ ትሸታለች?» አልኩት።

«ምንም አትሸትም። ካንቺ ቶሎ ላለመሄድ ብዬ ነው» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ወሬህን ተውና ዋጋ ተናገር!» ራስል ከሁሉም ውድ ናት የምንላትን ብርቅዬ ካርድ ገፋለት። እሷን ሸጦ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት አስቧል።

ኤሜት ካርዷን ልኳ ካልተነካ ሌላ ካርድ ላይ ደረባት። የታችኛዋ በጠርዝ በኩል ተርፋ ታየች።

«ተከርክማለች ወንድሜ። ባትነካ ኖሮ ብዙ ሺህ ዶላር ታወጣ ነበር። አሁን መቶም አታወጣ።»

«ዋጋ ልታረክስ ነው አይደል? አጭበርባሪ!»

ራስል በቡጢ አፉን አለው። ወደቀ። ራስል ላዩ ላይ ወጥቶ ይቀጠቅጠው ጀመር፤ ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ሰው ይጮኻል እንጂ የሚጠጋ የለም፤ ራስልን ያውቁታላ።

«ዋሽቼ ነው በል!»

«ተከርክማለች» አለ ኤሜት ደም እየተፋ። ወይ ድርቅና!

እውነቱን ግን እኔ አውቃለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ ጠርዟ ተበልቶ ቢያስጠላኝ፣ አባዬ ደስ ይለዋል ብዬ በእማዬ መቀስ ያስተካከልኳት እኔ ነኝ። ራስል ይገድለኛል ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም።

«እኔ ነኝ የከረከምኳት!» ብዬ ጮህኩ። «ልቀቀው፣ እኔ ነኝ!»

ራስል ተነሳ። ወንበር አንስቶ ወደ እኔ መጣ። ኤሜት እንደምንም ብሎ መሀል ገባ፤ ወንበሩ ትከሻው ላይ ተሰበረ። ያኔ ነው የእሳት አደጋ ሰዎቹ ራስልን ተረባርበው የያዙት።

አምቡላንስ ውስጥ የኤሜትን እጅ ይዤ አለቀስኩ።

«ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ፣ ባበጠ አፉ።

«ይገድልህ ነበራ!»

«አሁን ወደ ቤት እንዴት ትገቢያለሽ?»

«አልገባም። ከእንግዲህ እሱ ያለበት ቤት አልገባም።»

ጎንበስ ብዬ ከንፈሩን ሳምኩት። አቃሰተ። አሳመምኩት ብዬ ቀና ልል ስል፣ በደህናው እጁ አንገቴን ይዞ አስቀረኝ።