አሥራ ሰባት ቁጥር

ሰርቨሩ ለሦስተኛ ጊዜ ቦታ የለም ሲላት የተማሪዋ የፋሲካ ትዕግሥት አለቀ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት ጥግ ላይ በሚያጓራው በዚያ አንድ ሰርቨር ነው። የአይሲቲ መምህሩ ፍሥሐ ፕሮግራሟ የሚሠራበትን አዲሱን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ እንዲጭኑላት ብትለምናቸው፣ ጊዜ የለኝም ብለዋታል። ፓስወርዳቸውን ደግሞ ለተማሪ አይሰጡም።

ያለ ፓስወርድ መጫን የሚቻለው በተማሪዎች ፎልደር ውስጥ ነበር። እሱ ደግሞ አራት መቶ ተማሪ በአንድ አካውንት እየገባ እንደ ሰርግ ቤት ጓዳ ያዝረከረከው ነው። ስታስስ «17» ተብሎ የተጻፈበት ትልቅ ፎልደር አገኘች። የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰረዘችው።

ፓይተኑ ሲያዘግም አርፍዶ ተጫነ። ውርጭ የሚተነብየው ፕሮግራሟም ሠራላት። የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ውድድር ዛሬ ነው፤ ዳኞቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

«ፏ ብሏል ባክሽ» አለ ጓደኛዋ ናትናኤል።

ያኔ እየሩሳሌም ገባች። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከሰፈሩት ናት፤ ኮምፒውተር የምታገኘው እዚህ ብቻ ነው። ተቀምጣ ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች።

«ፋሲ፣ አሥራ ሰባት የሚል ፎልደር አላየሽም? የድንኳናችን ቁጥር ነው።»

«ምን ነበረበት?»

«የመጠለያው ሰዎች ድምፅ። ዛሬ ለዳኞቹ የማሰማው። እማማ ታንጉ ባለፈው ሳምንት አረፉ፤ የእሳቸውም እዚያ ነው። የቀዳሁበት ስልክ የሰው ስለሆነ ከሱ ላይ አጥፍቼዋለሁ።»

ፋሲካ ክው አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችው የሰው ነበር።

ስትሰርዘው አጠገቧ የነበረው ናትናኤል ጎሸም አደረጋት። «ዝም በይ» አለ በሹክሹክታ። «ቲቸር የሰርቨሩ የትናንት ኮፒ አለው። ግን እሱን ለመመለስ ያንቺ ፓይተን መጥፋት አለበት፤ ለሁለቱ ቦታ አይበቃም። ከውድድሩ በኋላ ትነግሪያታለሽ።»

ሰባት ሰዓት ሆኗል። እንደገና ልጫን ብትል አይደርስላትም። አፈረች፤ ተናደደችም፣ በማን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም። እየሩሳሌም አሁንም እየፈለገች ነበር።

«እየሩስ፣ እኔ ነኝ የሰረዝኩት» አለች። «ቦታ ፈልጌ ነው።»

እየሩሳሌም እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ፋሲካ ወደ ኪቦርዱ ዞረችና ጠዋቱን ሙሉ የደከመችበትን ፓይተን በገዛ እጇ አጠፋችው። ከዚያ የትናንቱን ኮፒ እንዲመልሱ መምህር ፍሥሐን ልትጠራ ወጣች። እየሩሳሌም ትከተላት አትከተላት ዞራ አላየችም።