አርባ ደቂቃ የዘገየው መብራት

ሐሙስ ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት ወጥ ሠሪዋ ወለተ ጊዮርጊስ ቁርስ ይዛ ስትገባ፣ አቶ ታደለን በመስታወቱ ገንዳ ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጨው ውኃው ውስጥ ነው። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ፤ እሳቸውን ግን አልነካቻቸውም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ልጇ ሠርካለም «መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፊ» እያለች አስተምራታለችና ሮጣ አጠፋችው።

ከቀትር በኋላ ያቺው ልጇ እጇ በካቴና ታስሮ እዚያው ሳሎን ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼን ‹ይሞታሉ› ብላ ዝታባቸዋለች» አለ የሟቹ የወንድም ልጅ ክንዴ። «ሽቦውን የዘረጋችው እሷ። ማክሰኞ ጠዋት ወጥመዷን አስቀምጣ ጎንደር ወረደች። ጋሼ በየሐሙሱ ጠዋት መስታወቱን እንደሚወለውሉ ታውቃለች።»

«‹ሳያጠፉ እጅዎን ካስገቡ ይሞታሉ› ነው ያልኋቸው» አለች ሠርካለም።

ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች። ልጄን የነካ የእጁን ሳያገኝ አይቀርም፣ እኔም አልተኛለትም አለች በልቧ።

ኢንስፔክተር ዘቢደር ዓይኗን ከገንዳው አልነቀለችም። ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ሽቦ ውኃው ውስጥ በምላጭ ተልጧል።

«እናቴ፣ እስቲ ገንዳው ውስጥ ስላለው ነገር ይንገሩኝ።»

«ኮራል የሚሉት የባሕር ፍጥረት ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው። ጋሼ በመኪና ጅቡቲ ሲመላለሱ አይተው ወደዱት። ብርሃን በልክ ይሻል፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ማታ አንድ ሰዓት። ውኃውም መፍሰስ አለበት፤ ፓምፑ ወደ መስኮቱ ይገፋዋል።»

«ታዲያ አሸዋው ለምን ግድግዳው ጋ ተከመረ?»

ወለተ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብላ አየች። «ፓምፑ ተነቅሎ ዞሮ ተተክሏል። ማክሰኞ ማታ እንዲህ አልነበረም።»

«እናት ለልጇ ብትመሰክር ምን ይደንቃል?» አለ ክንዴ።

«እንግዲያው ልጅ ያልወለደ ምስክር እንፈልግ» አለች ዘቢደር። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ታይመር አነሳች። ሠርካለም እናቷ እንድታነበው ቁጥሮቹን በሀገሩ አቆጣጠር ጽፋ ለጥፋበታለች። አንድ ከሃያ ላይ ቆሟል።

«ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያጠፋሁት» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «መብራት ሲሄድ እሱም ይቆማል። ሲመጣ እኔ ነኝ የማስተካክለው፤ ማክሰኞ ማታ አስተካክዬ በደብተሬ ጽፌዋለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትናንት ጠዋት በሦስት ሰዓት በልኩ በራ። ማታ አንድ ከሃያ ላይ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን አልጠፋም ነበር። ፊደል ገና ተማሪ ነኝና ሰዓቱን ያሳሳትኩ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«አላሳሳቱም።»

ዘቢደር በጓሮ በኩል ወጥታ ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ሰው አነጋግራ ተመለሰች። ዘበኛው ባርናባስም ተጠርቶ በሩ ሥር ቆመ፤ ሳይበላ የመለሰው ምሳ እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ትናንት በሰፈሩ መብራት አልሄደም፤ ወፍጮው ሲፈጭ ነው የዋለው» አለች። «ስለዚህ የዚህን ቤት ቆጣሪ ሰው በቀን አርባ ደቂቃ አጥፍቶታል። ሽቦ የሚልጥ ሰው መጀመሪያ መብራት ያጠፋል። ሠርካለም እስከ ዛሬ ጠዋት ጎንደር ነበረች። ሟቹና ክንዴ ከማለዳ እስከ ማታ ዳባት ለቅሶ ላይ ነበሩ። እናታችን ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት የጎልማሶች ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ውጭ ማድ ቤት ሬዲዮናቸው ሲናገር ነበር፤ መብራት ቢጠፋ ያቆምባቸው ነበር። እናትና ልጅ ደግሞ ቢሆኑ ኖሮ ታይመሩን ሳያስተካክሉ አይተዉትም ነበር። ያጠፋው ሰው ታይመር መቆሙን አያውቅም። ባርናባስ፣ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ትናንት ምሳ ምን በላህ?»

«ምንም። ጾም ነኝ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ቀና አለች።

«በሃምሳው?» አለች። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ ይጾማል እንዴ? የቄስ ልጅ ነህ አንተ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ ሆድ ቁርጠት፣ አንዴ ስለት እያልክ ሳህኑን ትመልስልኛለህ።»

«ደመኛ የጠላቱን እህል አይቀምስም» አለች ዘቢደር በዝግታ።

ባርናባስ ቆቡን አወለቀ። ፀጉሩ እስከ ትከሻው ወረደ፤ ያልተላጨ የበቀለኛ ፀጉር። «ታደለ ፍሬን የሌለው መኪና መሆኑን እያወቀ ወንድሜን ቴዎፍሎስን ሊማሊሞን አስወረደው። ከገደሉ ሥር በነጠላ ለቅመን ነው የቀበርነው። ዳኛ ለቀቀው፤ እኔ አልለቀቅሁትም። አይቆጨኝም።»

ካቴናው ከሠርካለም እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ። ክንዴ አንገቱን ደፋ። ባርናባስ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ ወለተ፣ አሁን ደሜን መልሻለሁ። ዛሬ ብትሰጪኝ እበላለሁ፤ ርቦኛል።»

ምሳው እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ አንስታ ወደ እሱ ሄደች፤ እጁንም ዘረጋ።

«ልጄን ጠዋት ሲወስዷት» አለችው፣ «በሩን የከፈትክላቸው አንተ ነህ። ስታለቅስ እያየህ።»

ሳህኑን መልሳ በልጇ ፊት አስቀመጠች። «ብዪ፣ ሠርካዬ። ከዚህ ሰው ጋር ከዛሬ ጀምሮ እህል የለንም።»