የደረቀ ገላ ላይ ብቻ

ስልኩ ሲጠራ መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግታ ነበር። ለጡረታ አምስት ወር ቀርቷታል። በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለት አስከሬን አይታለች፤ ሦስተኛው ይኸው በስልክ መጣ። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ከዓይኗ ግርድ አያመልጥም ለማለት ነው። እሷ ግን በዚያ ስም በተጠራች ቁጥር ትዝ የሚላት፣ ወንፊት እየተነፋበት ሲኖር መሳሳቱ ነው።

«የውበት ሳሎን ባለቤት ናት» አላት ተረኛው። «ገላዋን ስትታጠብ የጸጉር ማጥፊያ ማሽን ውኃው ውስጥ ወድቆ ኤሌክትሪክ ገደላት ነው የሚሉት። አደጋ ነው፤ ፈርመሽ ትመለሻለሽ።»

«ፈርሞ መመለስ የሚባል ነገር ቢኖር እግሬ እንዲህ ባላበጠ ነበር» አለችና ጫማዋን አጠለቀች።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከታች ሳሎኑ፣ ከላይ መኖሪያው፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ደግሞ የሟች ባል የልብስ ስፌት ሱቅ። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ሆኖ ብርሃን የጠገበ ነው፤ ትልቁ የቤቱ መስታወትም እዚያው ተሰቅሏል። ሟች ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። በገንዳው ውስጥ ጋደም እንዳለች፣ ሰው ፎጣ ደርቦባታል። እግሯ አጠገብ፣ ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ፣ መዳፍ የሚያክል ነጭ ማሽን ወድቋል፤ ብልጭ እያለ የጸጉርን ሥር የሚያደክም፣ የብርሃን ማሽን የሚባለው ዓይነት። ከእሱ የተነሣው ሽቦ በማራዘሚያ እስከ ኮሪደሩ ሶኬት ይደርሳል።

ወንፊት ጉልበቷ እየጮኸ ተንበረከከች። የሟች እግር ለስላሳ ነው፤ በየጸጉሩ ቀዳዳ ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጥቦች ይታያሉ። መደርደሪያው ላይ ሌላ ማሽን አየች፤ ጸጉርን ከሥሩ የሚነቅለውን። ጥርሱ መሃል ያሉት ጸጉሮች ሁሉ ነጭ ናቸው። ከዚያ የብርሃን ማሽኑን በጓንት አንሥታ አገላበጠችው። ቁልፉ አምስት ቁጥር ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የለውም። ብርሃኑ በሚወጣበት የማሽኑ መስታወት ላይ አጫጭር ጥቁር ጸጉሮች አርረው ተጣብቀዋል።

ማሽኑን በከረጢት አሽጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልፈረመችም።

ልብስ ሰፊው በሱቁ ውስጥ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተቀምጧል። ጢሙም ጸጉሩም እንደ ጥጥ ነጭ ነው።

«መቼ አገኟት?»

«አራት ሰዓት ተኩል ግድም። መነጽሬን ረስቼ ነበር። ብጠራት ዝም አለች። ስገባ… መሰኪያውን ነቀልኩ፤ ራሷን ከውኃው ቀና አደረግሁት። ፎጣም ያለበስኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«በዚያ ማሽን ትጠቀም ነበር?»

«እኔ የሴት ዕቃ ምን አውቅልሻለሁ። ሁሉም ለእኔ መላጫ ነው። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያበራል። የሚጮኸውን ትናንት ከሰዓት ሰምቼዋለሁ።»

«ትጣሉ ነበር?»

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሮ ኖሮ ያልተጣላ ማን አለ? ጠባችን በልጅቷ ነበር፤ በእህቷ። እኛ ስላልወለድን አሳድገን ለወግ ያበቃናት እሷን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትዳራለች። ሚስቴ እንደ ዶሮ ነበር የምታቅፋት። ልቀቂያት፣ አድጋለች እላት ነበር።» ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ መልሶ ጠቀለለው።

ሳሎኑ ውስጥ የሟች ረዳት ወለሉን ትጠርጋለች፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም። ሰውነቷ ትንሽ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ስለሆነ «ጣዝማ» ይሏታል።

«እትዬ ማሽን ለሸጠችለት ሰው ዕቃውን ብቻ ሰጥታ አትሸኝም ነበር» አለች። «አስቀምጣ ታስተምራለች። እኔንም እንደ ማባዣ አስጠንታኛለች።»

«እስቲ በይልኝ።»

«ጸጉሩን ቀደም ብሎ በምላጭ መላጨት፤ መንቀል የለም። ሥሩ ከወጣ ብርሃኑ የሚይዘው ያጣል። የደረቀ ገላ ላይ ብቻ፤ ሽቦ ያለው ማሽን ውኃ ካለበት ክፍል አይገባም። ከአንድ ቁጥር ጀምሮ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ማደር ነው። በጣም ለጠቆረ ገላ አይሆንም፤ ጸጉሩን ትቶ ቆዳውን ያቃጥላል። ነጭ ጸጉር ላይ ጭራሽ አይሠራም። ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ እንጂ በየቀኑ አይነካም።»

«አንቺስ?»

እጅጌዋን ሰብስባ ጥቁር ክንዷን አሳየቻት። «በዚህ ገላ? ለእኔ ምላጭና ቅባት ይበቃኛል። እትዬም ጸጉሯ ከነጣ ወዲህ ትታዋለች፤ በደጉ ጊዜም ከሁለት ቁጥር አልፋ አታውቅም። የማሳያ ማሽናችን ደግሞ ከጠፋ ወር አልፎታል። ቁም ሣጥኑን ስንት ጊዜ ገለበጥኩት መሰለዎት። ዛሬ ነው ያየሁት፤ እዚያ።» ወደ ላይ በአገጯ ጠቆመች።

«ጠዋት ከላይ ድምፅ ሰማሽ?»

«ሁለት ሴቶች ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብቼ አጠገባቸው ነበርኩ። ካስክ ሲሠራ ጣራ ቢወርድም አይሰማም።»

ሴቶቹም በኋላ ሲጠየቁ፣ ጣዝማ ከጎናቸው ንቅንቅ እንዳላለች መሰከሩ።

የሟች እህት በመኝታ ክፍሏ አልጋ ጫፍ ላይ ናት። ከሟች በሃያ ሦስት ዓመት ታንሳለች። ክፍሉ ያፍናል፤ እሷ ግን ሻርፕ እስከ ታችኛው ከንፈሯ ጠምጥማለች።

«ጥርሴን ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጠዋትም ተኝቼ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።»

ስታለቅስ የቆየች ናት፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። አጠገቧ በረዶ የሚንሳፈፍበት ውኃ በብርጭቆ ተቀምጧል። አንሥታ ተጎነጨች፤ በረዶው ከጥርሷ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ፊቷ ግን ቅጭም አላለም።

«እህትሽ በማሽኑ እንዴት ነበር የምትጠቀመው?» አለች ወንፊት።

«እታለም? ገንዳው ውስጥ ተቀምጣ ነው። ሁልጊዜ በአምስት ቁጥር። ዝቅ ያለው ቶሎ አይሠራም ትል ነበር።»

ወንፊት ደብተሯ ላይ «አምስት» ብላ ጻፈችና ቁጥሩን ትንሽ አየችው። ደስ አላላትም። በወጣትነቷ እንዲህ ያለው ነገር እጇ ላይ ሲወድቅ ልቧ ይዘል ነበር፤ አሁን ልቧም ደክሞታል። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወት ፊት ቆማ የአገጯን ጸጉር በወረንጦ ትነቅላለች። ብቻዋን እየኖረች እንኳ በሩን ቆልፋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ።

«የኤሌክትሪክ ምልክት የለባትም። ከራሷ በስተኋላ እብጠት አለ፤ የገንዳው ጠርዝ ያገኛት ይመስለኛል። ምቱ ራሷን ያስታት ነው እንጂ የሚገድል አልነበረም። የሞተችው ሰጥማ ነው፤ ሳንባዋ ውኃ ይዟል።»

«ስትገባ ትተነፍስ ነበር ማለት ነው።»

«አዎን» አለ ሐኪሙ።

ወንፊት ሦስቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መጋረጃው ወርዷል። ልብስ ሰፊው ከካስኩ ሥር ባለው ወንበር፣ ጣዝማ በርጩማ ላይ፣ እህት ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በር ላይ አንዲት ፖሊስ ቆማለች። ወንፊት ራሷ ቁጭ አለች፤ ቆማ የምታወራበት አቅም አልነበራትም።

«ብዙ አልናገርም» አለች። «ሟች በዚያ ማሽን አልተጠቀመችም። ጸጉሯን ከአንድ ቀን በፊት በነቃዩ ማሽን ነቅላዋለች፤ ነጥቦቹን አይቻለሁ፣ ጋሼም ሲጮህ ሰምተዋል። ሥሩ ለተነቀለ ጸጉር ብርሃን ምን ይሠራል? ደግሞ ጸጉሯ ነጭ ነው። ውኃ ውስጥ ደግሞ፣ ስንቱን ሰው ‹የደረቀ ገላ ላይ ብቻ› እያለች ያስተማረች ሴት ሽቦ ይዛ አትገባም። ማሽኑን እዚያ ያደረገው ሌላ ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። «ከእኛ መሃል?»

«ከእናንተ መሃል። እርስዎ ቢሆኑ ሁሉም ለእርስዎ መላጫ ነው፤ ወር ሙሉ የጠፋውን ከየት ፈልገው ያመጣሉ? መደርደሪያው ላይ ያለውን ያነሡ ነበር። ጣዝማ ደግሞ ሕጉን በቃሏ ታውቃለች፤ ለማስመሰል ብትፈልግ እንኳ እንዲህ የሚያስቅ ስሕተት አትሠራም። ሁለት ምስክርም አላት።»

እህት ጉልበቷን ታያለች።

«የቀረው ማሽኑ ራሱ የነገረኝ ነው። የማሽኑ መስታወት ላይ ያረረ ጥቁር ጸጉር አለ። ሳይላጭ፣ በትልቁ ቁጥር፣ በችኮላ የተጠቀመበት ሰው አለ ማለት ነው። የጋሼ ጢም ነጭ ነው። ጣዝማ ማሽኑን አትነካውም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አምስት ቁጥር ላይ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም፣ ልጄ። ማሽኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንቺ ግን ነገርሽኝ። ጥርሱን የሚያመው ሰውም በረዶ አይቆረጥምም።»

ከዚያ እህት ሁለት እጇን ወደ አንገቷ ወስዳ ሻርፑን ቀስ ብላ ፈታችው።

አገጯና ከመንጋጋዋ ሥር ያለው ቆዳ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን አርሯል፤ እንደ ማኅተም ተደራርቦ፣ ጠርዙ እየተላጠ። ጣዝማ ፊቷን አዞረች።

«ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ነው ጢም የሚያበቅለኝ» አለች። «እታለም ‹የአንቺ ገላ ለብርሃኑ አይሆንም፣ ሐኪም ጋ እንሂድ› ትለኝ ነበር። እኔ ሐኪም ፊት መቀመጥ አልቻልኩም። ማሽኑን ሰረቅኳት። ሠርጉ ሲቃረብ በየቀኑ አደረግሁት። ሲያቃጥለኝ እየሠራ ነው አልኩ።»

«ትናንት ጠዋትስ?»

«ውኃውን ሞልታ ፎጣ ልታመጣ ወጣች። መስታወቱ እዚያ ስለሆነ ገባሁ። ቶሎ የምጨርስ መስሎኝ ነበር። ተመልሳ አየችኝ። ‹ምን አደረግሽው ፊትሽን፣ ልጄ› ብላ በእጇ ያዘችኝ። ‹ጋሼን ልጥራው፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰደን› ብላ ወደ በሩ ስትዞር ጎተትኳት። ለማስቀረት ብቻ ነው። ወለሉ እርጥብ ነበር።» ሻርፑን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው። «ሞታ ነበር። አልተንቀሳቀሰችም። ከሞተች ወዲያ ነው ጋቢዋን አውልቄ ውኃው ውስጥ ያስገባኋት፣ ማሽኑንም የጣልኩት። ሞታ ነበር አይደል?»

ወንፊት ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃለች። መዋሸት አንዳንድ ጊዜ ምሕረት እንደሆነ ታውቃለች። የሐኪሙ ወረቀት ግን ነገ ፍርድ ቤት ይነበባል፤ እዚያ ከእንግዳ አፍ ከምትሰማው እዚህ ብትሰማው ይሻላል ብላ አሰበች።

«አልሞተችም ነበር» አለቻት። «ራሷን ስታ ነበር። ሳንባዋ ውስጥ ውኃ ተገኝቷል። ውኃ እዚያ የሚገባው በሚተነፍስ ሰው ነው።»

የልጅቷ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ጣዝማ በርጩማው ላይ ኩርምት ብላ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች።

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ልጅቷ ፊት ሄዶ ቆመ። የሚመታት መስሎ ፖሊሷ አንድ እርምጃ ቀረበች። እሱ ግን እጁን አላነሣም። የተቃጠለውን አገጭ አየው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ምሳዋን እያጎረሰ ያሳደገውን ፊት።

«እዚሁ ከጎን ነበርኩ እኮ» አላት፤ ድምፁ አይሰማም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። «ጣዝማም ከታች ነበረች። ያን ጊዜ ብትጠሪኝ ትተርፍ ነበር። ለምን አልጠራሽኝም?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«ፊቴን ታየው ነበር፣ ጋሼ።»