ጨው ቀማሿ

«‹የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሷ የምታበስለውን አትቀምስም›» ሲል ሉካ ጮክ ብሎ አነበበ። «‹ሽሮ የሚባለው ምግብ በጨው ብዛት የሚበላ አይደለም። ለአዲስ ጎረቤቶቻችን አንመክርም።›»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ምላሱን አውጥቶ የታነቀ ሰው መሰለ።

ሩሐማ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። «ይሄ ውሸት ነው!»

«መጀመሪያ እጅሽን አውጪ፣ ሩሐማ» አሉ መምህርቷ ፍራው ብሩነር።

እጇን አወጣች። «ይሄ ውሸት ነው!» አለች እንደገና።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ዙሪክ ከተማ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ውስጥ ሩሐማ በምትኖርበት የኪራይ ሕንፃዎች ግቢ ሁለት አዳዲስ ብሎኮች ተሠርተው አልቀዋል። ከፋሲካ በኋላ አንድ መቶ አርባ ቤተሰብ ይገባባቸዋል። የግቢው አስተዳደር ለአዲሶቹ ተከራዮች የሚታደል ትንሽ መጽሔት አዘጋጀና «የት ይበላል? የት ይኬዳል?» የሚለውን ክፍል የሰፈሩ ተማሪዎች እንዲጽፉት ጠየቀ። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ቦታዎቹን ተከፋፈሉ። ለሩሐማ የደረሳት የቦውሊንግ አዳራሹ ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ብሎክ ሁለት ሥር ያለው የወይዘሮ የወይንሐረግ ምግብ ቤት ደግሞ ለሉካና ለሶሊያና ደረሰ። ሩሐማ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ሶሊያና የልብ ጓደኛዋ ናት፣ እንጀራም እየበላች ነው ያደገችው። «ጥሩ ሰው እጅ ገባ» ብላ ነበር።

«ምኑ ነው ውሸቱ?» አሉ ፍራው ብሩነር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሁሉም! የፒዛ ቤቱን ጽሑፍ ይዩት እስቲ። ፒዛው ከሰል ሆኖ መጣ ብላችሁ ስትስቁ አልነበረም? አርባ ደቂቃ ጠበቅን ስትሉ አልነበረም? እዚህ ላይ ግን ምን ተጻፈ? ‹ጠርዙ ደመቅ ብሎ የተጠበሰ፣ ታግሠው ለሚጠብቁት›! ስለ ኬባብ ቤቱም፣ ስለ ታይ ምግብ መኪናውም እንደዚሁ ነው። አስራ አንድ ቦታ ጽፈናል። ‹አንመክርም› የተባለው አንዱ ብቻ ነው። ለምን እሳቸው?»

ሉካ ጆሮው ቀላ። «እኔ የበላሁትን ነው የጻፍኩት» አለ።

«ሩሐማ» አሉ መምህርቷ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የፒዛ ቤቱን ነገር እናየዋለን። ግን ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር ወይስ አልበዛበትም?»

«እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግን አትቀምስም ብሎ መጻፍ... የሚጾሙ ሰው ናቸው! አሁን የጾም ወቅት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ምሳ ግን ለሌላው ሰው ማብሰል አለባቸው። ስለዚህ የሚቀምስላቸው ሰው አለ!»

«ይህን አላወቅንም ነበር። ማን ነው የሚቀምስላቸው?»

ሩሐማ አፏን ከፈተች። መልሱ እሷው ራሷ ነበረች።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ጄኔቭ ሳሉ ለሃያ ዓመት በሰው ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ የራሳቸውን ስድስት ጠረጴዛ የዘረጉት ባለፈው ዓመት ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሩሐማን እናት ደረጃ ላይ አስቁመው «ልጅሽን አውሺኝ» አሏት። የነሩሐማ ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ ሁዳዴን አይጾምም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩሐማ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በወጥ ቤቱ የኋላ በር ትገባለች። ከየድስቱ አንድ አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች። «ጨው ያንሳል» ወይም «በቂ ነው» ትላለች። እሳቸው ደግሞ «ይኸው ጴንጤነትሽ ለኔ ጠቀመኝ» እያሉ ይስቃሉ፤ ምሳዋን በዕቃ አድርገው ያስይዟታል። በሙሉ ልባቸው ነው የሚያምኗት። በሰፈሩ እንደዚያ የሚያምናት ትልቅ ሰው ሌላ የለም።

«እ... አንድ ሰው ነው» አለች።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ» አሉ ፍራው ብሩነር። «መጽሔቱ ነገ ከሰዓት ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ጽሑፉ ስህተት ነው የምትዪ ከሆነ ነገ ጠዋት በጽሑፍ አምጪው፤ በነሱ ገጽ ላይ ይገባል። በትክክል የምታውቂውን ብቻ ጻፊ። ከሥሩም ስምሽን አስፍሪ።»

እረፍት ላይ ሶሊያና ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ ቆማ አገኘቻት።

«አንቺ እንኳ፣ ሶሊ? ሉካስ አያውቅም እንበል። አንቺ እንኳ?»

«እውነቴን ነው የምልሽ ሩሐ፣ ጨው ብቻ ነበር! ዓርብ ምሳ ላይ አንድ ጉርሻ በልቼ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ነው የጠጣሁት።»

«እትዬ ምን አሉሽ? የተናገሩትን ብቻ ንገሪኝ።»

ሶሊያና የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይና ወደ ታች ጎተተች። «‹እኔ አልቀምስም ልጄ› አሉኝ። እሱን ለሉካ ተረጎምኩለት።»

«እዚያ ላይ ዝም አሉ?»

«... ‹ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ የዛሬው ጥፋት የኔ ነው፣ ሌላ ላቅርብላችሁ› አሉ።»

«እሱንስ ተረጎምሽ?»

«ሁዳዴን ምን ብዬ ልተርጉምለት? ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ጠዋት አይበላም... ቀድሞውኑ ‹ሹካ የላቸውም እንዴ?› እያለኝ ነበር። ፊቱን ብታዪው! አፈርኩ፣ በቃ።»

«በሰው ጾም? በእናትሽ ጾም?»

«እናቴን አትንኪ! ደግሞ አንቺ ጴንጤዋ መቼ ነው የሁዳዴ ጠበቃ የሆንሽው?»

«ጠበቃ አይደለሁም! ቀማሻቸው ነኝ!»

ሶሊያና ዚፑን መጎተት አቆመች። «ጠዋት ጠዋት እዚያ የምትገቢው ለዚህ ነው እንዴ? እኔ እኮ ምሳ ልትቀበይ መስሎኝ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ ዓርብም አንቺ ነሽ የቀመስሽው? ታዲያ እንዴት አላወቅሽም?»

ደወሉ ተደወለ። ሩሐማ ፊቷን አዙራ ወደ ክፍል ገባች።

ዓርብ ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነበር የገባችው። ምስሩን ቀመሰች፣ ክኩንም ቀመሰች። ሽሮው ይንተከተክ ስለነበር ማንኪያው እንፋሎት ይተፋ ነበር። እፍ ስትልበት ስልኳ ተርገበገበ። የሶሊያና መልእክት ነበር፤ «ባሱ መጣ፣ ሩጪ!» ወይዘሮ የወይንሐረግ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎመን ይከትፉ ነበር። ሩሐማ ማንኪያውን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደፋችው። «ሽሮውም በቂ ነው፣ እትዬ!» ብላ ሮጠች። ባሱ ላይም ደረሰች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ወደ ኋላ በሩ ወሰዳት። ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ወይዘሮ የወይንሐረግ ግን ውስጥ ሆነው ነጭ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለፈው ሳምንት ያልነበሩ ሁለት አዳዲስ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ። ሰኞን ምን እግር ጣለሽ?»

«እንዲሁ ነው፣ እትዬ። ጠረጴዛ ጨመሩ?»

«ጨመርኩ እንጂ! ያ መጽሔታችሁ ሲወጣ ሰው የሚመጣልኝ ከሆነ ማን ቆሞ ይበላል? የቤቱ ውል የሚታደሰው በክረምት ነው። አዲሶቹ ሰዎች ከለመዱኝ እፈርማለሁ። ካልሆነ...» ቢላዋቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «ወደ ጄኔቭ፣ ወደ ሰው ወጥ ቤት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚያ ልጆች ምን ብለው ጻፉ? ዓርብ ዕለት አሳፍሬያችኋለሁ።»

«እርስዎ አላሳፈሩንም» አለች ሩሐማ።

«ሽሮው እኮ ነው ጉድ የሠራኝ። እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችው ነው። የኛ ቤት ሽሮ ያለ ጨው ነበር የሚፈጨው። ዘንድሮ እሷ ስላመማት ሌላ ሰው አስፈጭቶ፣ ጨው ተከትቶበት ኖሯል። እኔ ምን አውቄ፤ የለመድኩትን ያህል ጨመርኩበት። ምሳ ሊበሉ የመጡት ሠራተኞች ሁሉ እየተዉት ሲወጡ ነው የገባኝ። ድስቱን በሙሉ ደፋሁት።»

«እኔን ለምን አይቆጡኝም?»

«በምን?»

«በቂ ነው ብዬ...»

«ጉንፋን ይዞሽ ነበራ!» አሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ። «ጉንፋን ምላስ ያደነዝዛል። ዓርብ ጠዋት ድምፅሽ ራሱ ወፍሮ ነበር፤ ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አሞሽ እያለ በብርድ የመጣሽልኝ ልጅ ናት ብዬ ለራሴም ነግሬዋለሁ። ቆይ፣ ዝንጅብል ላፍላልሽ።»

ሩሐማ ምንም ጉንፋን አልነበራትም። ቆማ ለሌለባት ጉንፋን የተፈላላትን ዝንጅብል ጠጣች። ዝንጅብሉ እስከ ሆዷ ድረስ አቃጠላት። አመስግና ወጣች።

ቤቷ ገብታ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ንዴቷ አልበረደም ነበር፤ እንዲያውም ጣቶቿ ላይ ወርዶ አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጻፈች። ስለ ሉካና ስለ ሹካው ጻፈች። ከሰል ስለሆነው ፒዛ ጻፈች። ስማቸውን ሳትጠራ ግማሽ ተርጉመው ግማሹን ስለሚውጡ ሰዎች ጻፈች። ሁዳዴ ምን እንደሆነ፣ ሽሮ ጨው ተከትቶበት ሊፈጭ እንደሚችል፣ ይህን አንዲት ሴት ከዙሪክ ሆና ልታውቅ እንደማትችል አስረዳች። ስለ ቀማሹ ስትደርስ «ያን ቀን ቀማሹ ታሞ ነበር» ብላ ጻፈች።

ደግማ አነበበችው። ጥሩ ተጽፏል። ፍራው ብሩነርም ሊያደንቁት ይችላሉ። ከመጨረሻው መስመር በቀር እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሶሊያና የተረጎመችውም እኮ፣ እስከተረጎመችው ድረስ፣ እውነት ነበር።

«ሩሐማ፣ እራት!» አለች እናቷ ከሳሎን።

«መጣሁ!»

አልሄደችም። መጀመሪያ ከገጹ ሥር ስሟን ሙሉውን ጻፈች። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ መደምሰስ ጀመረች። ሹካው ተደመሰሰ። ግማሽ የሚውጡት ሰዎች ተደመሰሱ። የፒዛውን ላለመደምሰስ ረጅም ጊዜ ታገለች፤ እሱን ነገ እጇን አውጥታ ለብቻው ትናገረዋለች። ሁዳዴው ቀረ፣ ሽሮው ቀረ። «ታሞ ነበር» በሚለው ቦታ አዲስ መስመር ገባ፦ «ቀማሹ እኔ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልቀምስ ቀምሻለሁ አልኩ። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም።»

በጀርመንኛ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ክፍል ውስጥ ማንበብ ቀላል አይደለም፤ ግን ይቻላል። ሉካ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። የከበዳት ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ የወይንሐረግ ጀርመንኛ አያነቡም። አንድ ሰው በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ሊነግራቸው ይገባል።

ማክሰኞ ጠዋት የኋላ በሩ ገርበብ ብሎ እንፋሎት ይወጣበት ነበር። ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፏል።

«መጣሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» ወይዘሮ የወይንሐረግ ከሽሮው ድስት በማንኪያ ጨልፈው፣ እንዳይንጠባጠብ መዳፋቸውን ከሥሩ አድርገው ዘረጉላት። «ዛሬስ ጨው የሚባል አላስነካሁትም። እስቲ በይ።»

ስልኳ ተርገበገበ። ሶሊያና ነበረች። «ባሱ መጣ። ትመጫለሽ?» ይላል። ከትናንት ጀምሮ የጻፈችላት የመጀመሪያ መልእክት ነው። ሩሐማ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ቅመሺ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ከውጭ የባሱ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ይቀዝቅዝ፣ እትዬ» አለች ሩሐማ። «መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»