ሳትቆጥሪ ገምቺ

ኤሬንዲራ ያን ዕለት ትምህርት ቤት የሄደችው ለጠብ ነበር። ሟች እህቷ አደራ የተወችላት የስድስት ዓመቷ ዩኑየን፣ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ሆዷን ያማታል፤ የቀመሰችውንም ትመልሳለች።

«ልጄን ምን አድርገዋት ነው?» አለች፣ መምህሩ ገና ቀና ሳይል።

መምህሩ ፌርሚን የታመመች መምህርት ተክቶ ፓትስኳሮ ከተማ ከመጣ ሳምንቱ ነው። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ጠመኔውን አስቀመጠና «ልጅቷ ምን ሲሆን ነው የምትስቀው?» ሲል ጠየቃት።

ንዴቷ ሳታስበው በረደ። «ዳቦ ቤታችን… ትሪው ከምድጃ ሲወጣ።»

በማግስቱ ዳቦ ቤት ከተፍ አለ። ኮንቻ የሚባለው ትኩስ ጣፋጭ ዳቦ የተደረደረበትን ትሪ እያየ፣ «ዩኑየን፣ ሳትቆጥሪ ገምቺ። እኔ መቶ ነው እላለሁ!» አለ።

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ መምህር አበዱ እንዴ! ትሪው መቶ የት ይይዛል?»

«ታዲያ ስንት ነው?»

«አራት መስመር ነው፤ በየመስመሩ ሦስት ሦስት…» ጣቷን በአየር ላይ አስኬደች። «አሥራ ሁለት!»

ሊጥ ስታሽ የነበረችው ኤሬንዲራ እጇ ቀጥ አለ። እሷም ትምህርት የተወችው ሰሌዳ ፊት ቆማ ስለተሳቀባት ነው፤ «የኛ ዘር ቁጥር አይገባውም» እያለች ልጅቷን ያስፈራራቻትም ራሷ ነበረች። ቀና ስትል ፌርሚን ያያታል።

ከዚያ ወዲህ በየአመሻሹ እየመጣ ሊጡን ከዩኑየን ጋር ለሁለት፣ ለአራት ሲከፍል፣ የልጅቷ የሆድ ሕመም ጠፋ። የኤሬንዲራ ልብ ግን መረጋጋት አቃተው።

«ቋሚ ሥራ የለው፣ ኪሱ ነፋስ!» አለ አባቷ ዶን ኤሊሴዮ። «ለመሆኑ የሚመጣው ለልጅቷ ነው ላንቺ?»

መምህርቷ ድና ተመለሰች፤ ፌርሚን ሩቅ ቆላ፣ ኡኤታሞ ተመደበ። ሊሰናበታት ሲመጣ፣ ያልተማርኩትን ምኔን ብሎ ይወደኛል ብላ፣ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችውና «መልካም መንገድ» አለችው። ረጅም ጊዜ አያት። ሄደ።

በወላጆች ቀን ዩኑየን ሰው ሁሉ እያያት ሰሌዳ ላይ ተሳሳተች። ኤሬንዲራ ልትደርስላት ብድግ አለች። ልጅቷ ግን «ውይ! ቆይ፣ አንድ ረስቻለሁ» ብላ፣ እየሳቀች አስተካከለችው።

ዶን ኤሊሴዮ በባርኔጣው ዓይኑን ጠረገ። «ያን ሰው አመስግነነዋል?»

«አላመሰገንነውም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ኡኤታሞ ስትደርስ ፌርሚን ማንጎ ዛፍ ሥር ከተማሪዎቹ ጋር የዛፉን ጥላ በገመድ ይለካል። ሲያያት ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«ላመሰግንህ መጣሁ» አለች። «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ለዚህ ብቻ?»

መሬት መሬት አየች። «አይደለም።»

ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ልጆቹን ዘወር ብሎ አያቸው። «ኤሬንዲራ፣ እነዚህን ጥዬ መሄድ አልችልም።»

«ማን ሂድ አለህ? እዚህ አገር ሰው ዳቦ አይበላም?»

ዶን ኤሊሴዮ ዩኑየንን አስከትሎ፣ የዳቦ ቤቱን እርሾ በእቅፉ ይዞ ኡኤታሞ የደረሰው በሳምንቱ ነበር።