ሙክት የወጋው ድምፅ

«ቀስ በይ! ጥጉን እንዳትመቺው!» አለ ወልደአረጋይ።

የጊታሩን ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር በአንድ በኩል እናናየሁ፣ በሌላ በኩል እሱ ይዘው ከጋሪው ላይ ወደ ቤት እያስገቡት ነበር። ይህ ጥቁር ሣጥን ከሦስት ዓመት በፊት ከዚሁ ቤት ሲወጣ አይታለች። ያን ቀን «ቀስ» ያለ ሰው አልነበረም። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መሬት ለመሬት እየጎተቱ ነው የወሰዱት።

አባቷ የሰው ራዲዮ የሚጠግንበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ጋሽ ይሁኔ የሉም እንዴ?» አለ ወልደአረጋይ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ እያየ።

«አሊዩ አምባ ነው። ዛሬ ዓርብ አይደል? የገበያ ቀን ነው።»

ይህን እሱም ያውቃል። ራዲዮ ጠጋኙ ይሁኔ ሐሙስ ወደ ቆላ ወርዶ ቅዳሜ እንደሚመለስ ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቅ የለም። አባቷን ፊት ለፊት ማየት ስለማይደፍር ቀን መርጦ መጥቷል፤ ሌላ ምን ይሆናል?

«ከትናንት ወዲህ ይንጫጫል» አለ የሣጥኑን ጀርባ እየከፈተ። «ዛሬ ከፍቼ ባየው እስፒከሩ ተቀዷል። እሑድ ደግሞ የኪነት ውድድር ነው። አውራጃው በሙሉ ይመጣል። አንቺ ከአባትሽ ጋር እየጠገንሽ ነው ያደግሽው፣ ይኼን ስንጥቅ ድፈኚልኝ።»

እናናየሁ ጎንበስ ብላ አየች። የእስፒከሩ ወረቀት ላይ ያለውን አሮጌ ስንጥቅ ታውቀዋለች። አራት ጣት ነው። አሁን ግን አንደኛው ጫፉ ወደ ጠርዙ አንድ ጣት ያህል ጨምሮ ተተርትሯል። የሚንጫጨው እሱ ነው። ያቺን አንድ ጣት ብቻ መድፈን ይበቃ ነበር።

«እርስዎ የሚፈልጉት በሙሉ እንዲደፈን ነው?» አለችው።

«እርስዎ?» ሳቅ አለ። «ምነው እናኑ፣ ድሮ ‹ጋሼ ወልዴ፣ አንተ› አልነበር የምትይኝ?»

«ድሮ ነዋ።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «አዎ፣ በሙሉ። አዲስ እንዲመስል።»

«ድምፁ ቢለወጥስ?»

«አትሳሳቺ። ድምፁ የሚመጣው ከዚህ አይደለም። ከፔዳሉ ነው። አንድ ጓድ ከምሥራቅ ጀርመን ያመጣልኝን በእግር የሚረገጥ ሣጥን አላየሽውም? ሙክቱ የሚባለው ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።»

እናናየሁ ሁለተኛ አልጠየቀችውም። «እሺ፣ ሳይመሽ በአሥራ አንድ ሰዓት ይውሰዱት» አለች።

ወልደአረጋይ የቀበሌው ኪነት ቡድን መሪ ነው። ጊታር አያያዝ ያስተማረው ግን አባቷ ነው። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱ በክር እየቆሰለ፣ ምሳና እራቱን ከእነሱ ጋር እየበላ ነው የተማረው። ከዚያ በ1970 ዓ.ም. ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣና «ጓድ ይሁኔ በወጣቱ መካከል የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ይነዛል» አለ። አባቷ ሰባት ወር ታሰረ። የኤሌክትሪክ ጊታሩና አምፕሊፋየሩ «የሰፊው ሕዝብ ንብረት» ሆኑ። ሰፊው ሕዝብ እንዴት ሆኖ አንድ ወልደአረጋይ ብቻ እንደሆነ እናናየሁ እስካሁን አልገባትም።

አባቷ ከተፈታ ወዲህ ጊታር ነክቶ አያውቅም። የቀበሌው አዳራሽ ደግሞ ከቤታቸው አጥር ጀርባ ነው። ልምምድ በሆነ ቁጥር ያ የሚያጉረመርም ድምፅ በመስኮቱ ይገባል። እናናየሁ አባቷን እንዳያምመው ብላ መስኮቱን በአሮጌ ብርድ ልብስና በጨርቅ ጠቅጥቃ ደፍናዋለች። ሲጠይቋት «ለብርዱ ነው» አለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ማን ይጠራጠራል?

የሚያናድዳት ደግሞ ስሙ ነው። ከተማው ያንን ድምፅ «የወልደአረጋይ ሙክት» ይለዋል። የወልደአረጋይ!

አባቷ ራዲዮ እየጠገነ የነገራትን ሁሉ ታስታውሳለች። ልጅ ሆኖ አንኮበር ሲኖር የጀመረው በክራር ነበር፤ ክሩ ጅማት፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ከአጥር የማያልፍ። ቀጥሎ ከአንድ ጡረተኛ ወታደር አሮጌ የሣጥን ጊታር አገኘ። ክሩ ሲበጠስ በከተማው የሚሸጥ ስላልነበረ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ፣ አንዷን አንዷን መዝዞ ወጠረበት። ድምፁ ብረት ብረት ሆነ፤ ጣቱም ደማ። ከዚያ ሰው ሲበዛ አልሰማ አለው። ከተበላሸ ስልክ ማዳመጫውን ነቅሎ ከጊታሩ ሆድ ውስጥ ለጠፈና ከቤታቸው ራዲዮ ጋር አገናኘው። ይኼም አልበቃው ብሎ በመጨረሻ የኤሌክትሪኩን ጊታርና ይህን አምፕሊፋየር ገዛ። በገዛ በሳምንቱ ጠላው። «ጥርት አለብኝ» ነበር ያላት። «እንደ ታጠበ ብርጭቆ። የኔ የሚባል ነገር አልነበረውም።»

አንድ ቀን ደብረ ሲና ሠርግ ላይ ሊጫወት በኤንትሬ የጭነት መኪና ተሳፈረ። ጣርማ በር ላይ ነጋዴዎች በጎች ጫኑ። ዋሻውን አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ አንዱ ሙክት ደንግጦ በቀንዱ አምፕሊፋየሩን ወጋው። እስፒከሩ አራት ጣት ተቀደደ። ሠርገኛው እየጠበቀ ስለነበር አባቷ እንዲሁ ተጫወተ፤ ጊታሩም እንደ ተቆጣ ነገር አጉረመረመ። ሠርገኛው አበደ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ስንጥቁን አላስነካም፤ ድምፁንም «ሙክቱ» አለው።

ወልደአረጋይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ሰማ እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀም።

እናናየሁ ኮላውን አወጣች። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ስሱን ወረቀት ላጠች። አዲሱን አንድ ጣት ደፈነች፤ እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። አራቱንም ጣት ከውስጥም ከውጭም፣ ጠርዝ ከጠርዝ አገጣጥማ ደፈነችው። እንዲህ ተጠንቅቃ ምንም ነገር ጠግና አታውቅም። ሲደርቅ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ለስልሷል። ወልደአረጋይ በአውራጃው ሕዝብ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ ያቺን የጀርመን ሣጥን እየረገጠ፣ የሚወጣው ግን የታጠበ ብርጭቆ ሲሆን ታያት። ደስ አላት። በሂሳብ ፈተና አንደኛ ስትወጣ እንኳ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ደግሞስ ማን ይከሳታል? ያዘዛትን ነው የሠራችው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደብተር ይዛ የምታጠና መስላ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ፣ ጆሮዋን ወደ አዳራሹ አቅንታ ስትጠብቅ፣ የክፍሏ ልጅ ይርጋለም እየሮጠች መጣች። ይርጋለም ኪነት ውስጥ ከዘማሪዎቹ አንዷ ናት።

«እናኑ! ጉድ ነው አቦ! ሙክቱ ጠፋ!»

«እንዴት ጠፋ?» አለች ምንም እንዳላወቀች ሆና።

«ጠፋ ነው የምልሽ! ጓድ ወልደአረጋይ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ይረግጣል፤ ዋው ዋው ይላል እንጂ አያጉረመርምም። ፊቱን ብታዪው በርበሬ መስሏል! ከበሮ መቺው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ።»

ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ይርጋለም ዓይኗን ጠረገችና ቀዝቀዝ አለች። «እኔ የማዝነው ለአባትሽ ብቻ ነው።»

«ለአባቴ? ለምን?»

«ውይ… አታውቂም እንዴ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ ጀርባ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። ልምምዱ እስኪያልቅ አይነሡም። ለማንም እንዳትነግሪ ብለውኝ ነው። አሁንም እዚያው ናቸው።»

የእናናየሁ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገድ እንደተመለሰ «ሻይ ልጠጣ» እያለ ነበር የሚወጣው። ደብተሯንና የእርሳስ ቆርቆሮዋን እንደያዘች አጥሩን ዞራ ሮጠች።

አባቷ ድንጋዩ ላይ ነበር። ጫማው የቆላ አቧራ እንደለበሰ፣ የመፍቻ ቦርሳው እግሩ ሥር ነው። በግድግዳው ውስጥ የጊታሩ ድምፅ ይሰማል፤ ጥርት ያለ፣ የማንም ያልሆነ።

«እስፒከሩን ማን ነካው?» አለ ዞር ብሎ ሳያያት።

«እኔ።»

«በምን?»

«በስስ ወረቀትና በኮላ።»

«በአንድ ወገን?»

«በሁለቱም።»

አባቷ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። «እጅሽ ጥሩ ነው። መጋጠሚያው አይሰማም።» ጆሮውን ሳያነሣ፣ «ትናንት ገበያው ሳይበተን ነው የተነሣሁት። የመጨረሻው ልምምድ ነው፣ ልስማው ብዬ» አለ።

«ላዋርደው ብዬ ነው አባዬ! ሙክቱ ያንተ ነው። በሱ ስም ሲጠሩት ያንገበግበኛል!»

«እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ሌላ የት እሰማዋለሁ?»

ጊታሩ ቆመ። የአዳራሹ የጀርባ በር ተከፈተና ወልደአረጋይ ላቡን እየጠረገ ወጣ። አባቷን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ነበር፤ ግን ጭንቀቱ ባሰበት።

«ጋሽ ይሁኔ… ይቅርታ።» ወደ እናናየሁ ዞረ። «ስንጥቁ ነው፣ አይደል?»

«ድምፁ ቢለወጥስ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«በትክክል የት ጋ ነበር? ስንት ጣት? ስንጥቁን መልሼ ልክፈተው ብዬ ፈራሁ። ሌላ እስፒከር የለንም፣ ካበላሸሁት አበቃ።»

«ሦስት ዓመት ሲጫወቱበት፣ ከትናንት በፊት አንድ ቀን እንኳ ከፍተው አላዩም?» አለች። «ለመሆኑ ሙክቱ ለምን ሙክት እንደተባለ ያውቃሉ?»

«ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ነዋ!»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። እናናየሁ ይህን ሳቅ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። ወልደአረጋይ ምኑ እንደሚያስቅ ስላልገባው ሁለቱን በየተራ አያቸው።

እናናየሁ ከእርሳስ ቆርቆሮዋ ውስጥ እርሳስ የምትቀርጽበትን ግማሽ ምላጭ አወጣች። «አሁን ገብቼ ስንጥቁን እከፍተዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገ ግን መድረክ ላይ፣ በማይክሮፎን፣ ‹ይህ ድምፅ የጋሽ ይሁኔ ነው› ይላሉ።»

ወልደአረጋይ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናኑ፣ ካድሬዎቹ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት። ያኔ የተናገርኩትን አሁን እንዴት ላስተባብል? ሂስና ግለሂስ አለ። ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«እሺ፣ ‹አንድ የድሮ ጊታር ተጫዋች› ልበል።»

«ስም አለው።»

ወልደአረጋይ ወደ አባቷ ዞረ። «ጋሽ ይሁኔ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት!»

እናናየሁም አባቷን አየችው። «ክፈችለት» ቢላት ትከፍትለታለች፤ ለአባቷ ስትል። አባቷ ቦርሳውን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

«ጠጋኟ እሷ ናት» አለ።

ምላጩን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ቆርቆሮው መለሰችው። «እንግዲህ አዲስ መስሏል፤ እንዳዘዙት» አለችና አባቷን ተከትላ ሄደች። ወልደአረጋይ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። ቢጠራ ቢጠራ አትዞርም። ደስታዋ ግን እንደ ትናንቱ ሙሉ አልነበረም፤ እሱን ስትበቀል የአባቷንም ድምፅ አብራ ቀብራዋለች።

ቤት እንደገቡ ቦርሳውን እስኪያስቀምጥ እንኳ አልጠበቀችም። የቤታቸውን ትልቁን ራዲዮ ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ የኋላ ክዳኑን ፈታች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቷ።

«ዝም ብለህ እይ።»

እስፒከሩን አየችው፤ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ምላጩን አወጣችና አራት ጣቷን ወረቀቱ ላይ አጋድማ ለካች። ከራዲዮ ሌላ በቤቱ ውስጥ ውድ ነገር የለም፤ እናቷ ከፋብሪካ ስትመለስ ምን እንደምትል ታውቃለች።

አባቷ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አራት አይሁን» አለ። «ይኼ እስፒከር ትንሽ ነው፤ ሦስት ይበቃዋል። ወደ ጠርዙም አትድረሺ።»

አንድ ጣቷን አጠፈች። ከዚያ ቀደደችው።

አባቷ የአብዮት ጥበቃዎቹ ያልወሰዱበትን አሮጌውን የሣጥን ጊታር ከግድግዳው ላይ አወረደ። በኮቱ እጅጌ አቧራውን ጠረገ፤ ከሆዱ የሚወጣውን የስልክ ማዳመጫ ሽቦ ከራዲዮው ጀርባ አገናኘ። የዛገውን መቃኛ ሲያዞረው ሲጥ አለ። አንድ ክር መታ። ራዲዮው ሻከረ፣ አነቀው፣ ቀጥሎም በቀጭኑ አጉረመረመ።

«ሙክቱ አይደለም» አለች እናናየሁ፤ ዕንባዋ መጣ።

«አይደለም። ይኼ ጠቦት ነው» አለ አባቷ። ደግሞ መታው፤ ደግሞ አዳመጠ። «ግን የኔ ነው። ያድጋል።»

ሁለተኛውን ክር መቃኘት ጀመረ። ቀና ሳይል፣ «ነገ ውድድሩ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ወደ ሦስተኛው ክር አለፈ። እናናየሁ የአብዮት ጥበቃዎቹን አሰበች። ነገ ድምፁን ሰምተው ቢመጡ የምትላቸውን ታውቃለች፤ ሰፊው ሕዝብ የሚወደውን ድምፅ ነው የምንጫወተው ትላቸዋለች። ተነሥታ በአዳራሹ በኩል ወዳለው መስኮት ሄደች፤ የጠቀጠቀችበትንም ብርድ ልብስና ጨርቅ አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች።